ጎረቤቴና የድንጋይ ከሰል

ኖቲንግሃም በገባሁ ሰሞን ከባቡር መስኮት ስምንት ግዙፍ ማማዎች አይቼ፣ «አቤት ይህ ሁሉ ጢስ!» ብዬ ነበር። «ጢስ አይደለም፤ እንፋሎት ነው። ጢሱ የሚወጣው አጠገባቸው በቆመው በቀጭኑ ጭስ ማውጫ ነው» ብለው ያረሙኝ ጎረቤቴ ናቸው። አዛውንቱ ዱሮ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። እኔ የማውቀው ከሰል እናቴ ቡና የምታፈላበትን ብቻ ነው፤ ከመሬት ሆድ ስለሚወጣው የድንጋይ ከሰል የተማርሁት ከእሳቸው ነው። ሲያወሩ በየመካከሉ ያስላሉ።

ያ የራትክሊፍ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ተዘጋ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ብሪታንያ በ1882 ለንደን ውስጥ፣ ሆልቦርን ቫያደክት ላይ የጀመረችውን በከሰል መብራት የማመንጨት ሥራ ከ142 ዓመት በኋላ በዚያች ቀን ጨረሰች። በ2012 እኮ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ገደማው የከሰል ነበር! በአሥራ ሁለት ዓመት ከዚያ ወደ ዜሮ መውረድ ቀላል ነገር አይደለም። በ2013 መንግሥት ካርቦን በሚያወጡ ማመንጫዎች ላይ ተጨማሪ ክፍያ ጣለ፤ ከሰል ማንደድ አክሳሪ ሆነ፤ ባሕሩ ላይ የነፋስ ተርባይኖች ተተከሉ፤ በ2015 ደግሞ ከሰል በአሥር ዓመት ውስጥ እንደሚቀር በይፋ ተነገረ። እርግጥ ቦታውን የያዘው ነፋስ ብቻ አይደለም፤ ጋዝም አለበት። ይህን የሚሸፋፍኑ ሰዎች አይጥሙኝም።

ያም ሆኖ ደስ ብሎኛል። የምሥራች እንደያዘ ሰው የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

ሻይ ቀዱልኝና ዝም አሉ። ቆይተው፣ «እነዚህን ሠራተኞች ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብለው ነገሯቸው» አሉ። «ደግ አደረጉ። ለእኛስ ማን ነገረን?»

ነገሩ የ1984ቱ ነው። በማርች ወር 20 የከሰል ጉድጓዶች ሊዘጉ፣ 20,000 ያህል ሠራተኛ ሊበተን መሆኑ ተሰማና አድማው ተቀጣጠለ። ዓመት ያህል ቆይቶ በሽንፈት አበቃ። እዚህ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ግን አብዛኛው ሠራተኛ አድማውን አልተቀላቀለም ነበር። ጎረቤቴ አድማ መቱ፤ ወንድማቸው ጉድጓድ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። አርባ ዓመት! የወንድምየው ቤት ከእኛ ሰፈር በአውቶቡስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ኋላ የአዳሚውም የሠራተኛውም ጉድጓድ ተዘጋ። የመጨረሻው ጥልቅ ጉድጓድ፣ ዮርክሻየር የሚገኘው ኬሊንግሊ፣ የተዘጋው በ2015 ነው። እነራትክሊፍ ግን ከዚያም በኋላ ማንደዳቸውን አላቆሙም፤ ከሰሉ በአብዛኛው ከውጭ በመርከብ ይመጣላቸው ነበር።

«ጉድጓዳችንን የዘጉት ለአየሩ አዝነው አይደለም» አሉ ጎረቤቴ። «ሳንባዬን የበላው ከሰል ነው፤ ቢቀር አልከፋኝም። ነገር ግን ሁለቱን አንድ አድርገህ አትጻፍብኝ።»

እኔ አንድ አድርጌ ልጽፍ ነበር የመጣሁት። ከሰል ወደቀ፣ ነፋስ ተተካ የምትል አጭር ነገር በሐሳቤ አዘጋጅቼ ነበር።

የልጅ ልጃቸው ሃል ከተማ የተርባይን ክንፍ ከሚሠራበት ፋብሪካ ገብቷል። የሥራ ልብሱን ለብሶ የተነሣውን ፎቶግራፍ ሁለት ቅጂ አሳጥበዋል። አንዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሌላው ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ አድራሻ ሳይጻፍበት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።