በወብ ወንዝ ዳር፦ ከልጆችዎ ጋር ዘንግ መወርወር ይማሩ

ዲንሾ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚቀበልዎ ብርዱ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ትንሽ የባሌ ከተማ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትም እዚሁ ይገኛል። አብዛኛው ቤተሰብ የሚመጣው ቀይ ቀበሮንና የደጋ አጋዘንን ለማየት ነው። ፎቶ ያነሳል፣ ሳነቴ አምባ ላይ ወጥቶ ይንቀጠቀጣል፣ በማግስቱም ይመለሳል።

እርስዎ ግን አንድ ሁለት ቀን መጨመር ከቻሉ ወደ ወንዞቹ ይውረዱ። በወብ፣ በዳንካና በሻያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ ይኖራል። እሱን ለማጥመድ የተመረጠው ዘዴ በአገራችን እምብዛም ያልተለመደው ፍላይ ፊሺንግ ነው፤ በላባና በክር የተሠራች ሰው ሠራሽ ዝንብ በረጅም ዘንግ ወርውሮ ማጥመድ። ልጆችዎ ከስልካቸው ቀና ብለው ለሰዓታት አንድ ነገር ላይ እንዲያተኩሩ ከፈለጉ፣ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዳው ዓሣ

ትራውት የባሌ ተወላጅ አይደለም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከኬንያ መጥቶ በወንዞቹ የተለቀቀ እንግዳ ነው። ለኬንያም ቢሆን እንግዳ ነበር፤ ቡናማው ትራውት ከብሪታንያ ወደዚያ የተወሰደው በ1900ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው። ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ዘሩ ከሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ወንዞች ነው። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ቡናማው ጎኑ ላይ ጥቁርና ቀይ ነጠብጣቦች አሉት፤ ቀስተ ደመናው ከጉንጩ እስከ ጅራቱ የሚወርድ ሮዝማ መስመር አለው።

ይህ ዓሣ ሞቃት ውሃ አይችልም። ቀዝቃዛ፣ ንጹሕና ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጨ አየር የሚስብ ውሃ ይፈልጋል። የባሌ ደጋ ወንዞች የተመቹት በዚህ ምክንያት ነው። ምግቡ በአብዛኛው ነፍሳት ናቸው። ከልጅዎ ጋር ወንዙ ዳር ተቀመጡና ከጥልቀት የሌለው ውሃ አንድ ድንጋይ አንሥታችሁ ግልብጡት። ከሥሩ የተጣበቁ ጥቃቅን ትሎች ታያላችሁ፤ አድገው ክንፍ አውጥተው ከውሃው የሚወጡት እነሱ ናቸው። የመንጠቆው ዝንብ የምትመስለው እነዚህን ነው። ድንጋዩን ስትጨርሱ እንደነበረ መልሱት፤ የብዙዎች ቤት ነውና።

እንግዳ መሆኑ ግን አንድ ኃላፊነት ያስከትላል። ትራውት አዳኝ ነው። በባሌ ተራሮች ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ እንቁራሪቶች አሉ። ስለዚህ ትራውትን ከአንዱ ወንዝ አንሥቶ ወደ ሌላው መውሰድ፣ በባልዲ ይሁን በቅን ልብ፣ ፈጽሞ የማይደረግ ነገር ነው።

ክብደቱ ያለው ክሩ ላይ ነው

በተለመደው አጠማመድ መንጠቆው ላይ እርሳስ ይታሰራል፤ እርሳሱ ሲወረወር ክሩን እየጎተተ ይሄዳል። እዚህ ግን ዝንቧ ላባ ናት፤ ብትወረውሯት እግራችሁ ሥር ትወድቃለች። ክብደቱ የተቀመጠው ወፈር ባለው ክር ላይ ነው። ዘንጉ እንደ ደጋን ይጎብጣል፣ ሲቃና ክሩን ይወረውራል፣ ክሩም ዝንቧን ይዞ ይሄዳል።

ይህን ለመረዳት የቡሄን ጅራፍ ማስታወስ ይበቃል። ልጁ ጅራፉን ሲወነጭፍ ከእጁ የተነሣ አንድ ጥምዝ በገመዱ ላይ እየሮጠ እስከ ጫፉ ይደርሳል። የዘንጉም ክር የሚሄደው እንደዚያ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። በቡሄ ጅራፉ ሲጮህ ልጁ ይመሰገናል፤ ወንዝ ዳር ክሩ ከኋላ ከጮኸ ቸኩላችኋል ማለት ነው፤ ዝንቧም ተበጥሳ ቀርታ ይሆናል።

ልምምዱ ከውሃ ሳይሆን ከሣር ሜዳ ይጀምራል። አዲስ አበባ ሳላችሁ ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጉ። በመንጠቆው ፋንታ ክሩ ጫፍ ላይ ደማቅ የሱፍ ቁራጭ እሰሩ። አውራ ጣታችሁን ዘንጉ ላይ አጋድማችሁ ጨብጡ፤ የእጅ አንጓችሁ አይልፈስፈስ። ከዚያ የግድግዳ ሰዓት አስቡ። ጊዜውን ሳይሆን ገጹ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ነው። አናታችሁ 12 ከሆነ፣ ከፊታችሁ 10፣ ከኋላችሁ 2 አለ። ዘንጉ የሚመላለሰው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ብቻ ነው።

ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አንሡ፣ እየፈጠናችሁ ሂዱ፣ 2 ላይ ስትደርሱ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። አሁን ምንም አታድርጉ። ክሩ ከኋላችሁ እስኪዘረጋ ጠብቁ። ዞራችሁ ብታዩትም ነውር የለበትም፤ ጀማሪ ሁሉ ያያል። ከተዘረጋ በኋላ ወደፊት እየፈጠናችሁ ግፉ፣ 10 ላይ አቁሙ። ክሩ ተፈትቶ ሣሩ ላይ ለስለስ ብሎ ይወድቃል።

ጠቅላላው ጥበብ ያለው በዚያች ምንም በማትሠሩባት ቅጽበት ነው። ኃይለኛ አባት ብዙ ጊዜ በአሥር ዓመት ልጁ የሚበለጠው እዚህ ላይ ነው፤ አባት ጉልበት ይጨምራል፣ ልጅ ይጠብቃል። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ዜማውን እስኪዋሐደው ደጋግሞ እንደሚለው ሁሉ፣ ይህም በማብራሪያ ሳይሆን በመደጋገም ነው የሚገባው። በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ለሁለት ሳምንት። ከዚያ በላይ በአንድ ቀን ቢሞክሩ ክንድዎ ይዝላል፣ ስሕተቱም ይለመዳል።

ውሃው ሲሄድ

ሜዳ ላይ የተካነ ሰው ወንዝ ላይ እንደገና ይማራል፤ ምክንያቱም ሣሩ አይሄድም። ትራውት ፊቱን ወደ ምንጩ አዙሮ ይቆማል፤ ምግቡን የሚያመጣለት ውሃው ነው። ስለዚህ ከበስተ ታቹ ቆማችሁ ወደ ላይ ወርውሩ። ከኋላው ናችሁና አያያችሁም፤ ዝንቧም እንደ እውነተኛዋ ከላይ ወደ ታች ትመጣለታለች።

ችግሩ የሚመጣው ከወረወራችሁ በኋላ ነው። የወንዝ መሐል ይፈጥናል፣ ዳሩ ይዘገያል። በመካከላችሁ ያለውን ክር ፈጣኑ ውሃ ይጎትተዋል፤ ክሩ ይጎብጣል፣ ዝንቧንም ውሃው ላይ እንደ ጀልባ ያስሮጣታል። እውነተኛ ነፍሳት እንደዚያ አይሮጡም፤ ዓሣውም ይህን ያውቃል። መፍትሔው ክሩ ውሃውን እንደነካ የዘንጉን ጫፍ ወደ ላይኛው የወንዙ በኩል ለስለስ አድርጎ መገልበጥ ነው። ጉብጠቱ ወደ ላይ ይሆናል፣ ዝንቧም ለጥቂት ሰከንዶች በነፃ ትንሳፈፋለች። ዓሣው የሚነክሰው በእነዚያ ሰከንዶች ነው።

የት መወርወር እንዳለባችሁ ውሃው ራሱ ይነግራችኋል። ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ የሚገናኙበትን መስመር፣ የትልልቅ ድንጋዮችን ጀርባ፣ ዳሩ ተሸርሽሮ ጥላ የሠራበትን ቦታ ፈልጉ። ዓሣው ጉልበቱን ሳያባክን ምግቡ የሚያልፍበት እዚያ ነው። ከኋላችሁ ቁጥቋጦ ካለ ክሩን ወደ ኋላ አትወርውሩ፤ ውሃው ላይ ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ስባችሁ፣ ዘንጉን በጆሯችሁ አጠገብ አቁማችሁ ወደፊት አንከባሉት።

“ልትለቀው ከሆነ ለምን ያዝከው?”

ይህን ጥያቄ ልጅዎ ይጠይቃል። ካልጠየቀ ደግሞ ዳር ቆሞ የሚመለከት የአካባቢው እረኛ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የቤተሰብ ውይይት ይገባዋል። ከመንጠቆው ጫፍ ያለው ሕይወት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ወስኑ፤ የምትበሉትን ያህል ብቻ ትይዛላችሁ ወይስ ሁሉንም ትለቃላችሁ? የፓርኩ ደንብ በዚህ ላይ የሚለውንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የምትለቁ ከሆነ የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ አስተኙት፤ ያኔ በቀላሉ ይወጣል። እጃችሁን ሳታረጥቡ ዓሣውን አትንኩ፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ልግ ያነሣበታል። ከውሃ ሳታወጡት ፍቱት፣ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙራችሁ ያዙት፣ ጉልበቱ ሲመለስ ራሱ ይሄዳል። ለፎቶ ብሎ ደቂቃዎች አየር ላይ ማቆየት መግደል ነው። የምትበሉ ከሆነ ደግሞ ሳታሰቃዩ ወዲያው ግደሉት፣ ልጁም ይይ። እራት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለከተማ ልጅ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ለሰሜን ልጆች

የእስቴ፣ የስማዳ ወይም የጋይንት ሰው ከሆኑ “በኛስ ወንዝ?” ማለትዎ አይቀርም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚረዝመው ከጉና የሚነሡት ጉማራና ርብ ወደ ጣና ይገባሉ። በክረምት በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የጣና ዓሦች ለመራባት በእነዚህ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለው ንጹሕ ውሃ ነው። ተሰብስበው ሲወጡ በመረብ መያዛቸው ቁጥራቸውን ክፉኛ ጎድቶታል። የባሌው ትራውት ቢያልቅ በብዙ አገር ወንዝ ይኖራል፤ የጉማራው ቢያልቅ ግን መተኪያ የለውም። ስለዚህ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ድረስ ልጆችዎን ወደ ጉማራ ሲወስዱ ዘንጉን ቤት ይተዉ፤ ድልድዩ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ዓሣው ባይነክስም

የወብ ሸለቆ ባዶ እጅ የሚመለስን ሰው አያሳዝንም። በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው። ሸለቆው ውስጥ ጠዋት ላይ ትልቁን ፍልፈል አድፍጠው ሲጠብቁ ማየት ይቻላል፤ የእነሱም ትዕግሥት ከዘንግ ወርዋሪ አይተናነስም። ፊንጫ ሀበራ ከሚባለው ስፍራ የሚገኘው የዋሻ መጠለያ ከ30,000 ዓመታት በፊት ሰዎች እንደኖሩበት በ2019 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ታውቋል። ያ ሁሉ ከፍታ፣ ያ ሁሉ ብርድ፣ ምግባቸውም በአብዛኛው ያው ፍልፈል ነበር። ወንዙ ራሱ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ የሶፍ ዑመርን ታላቅ ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል።

ለጉዞዎ

*መንገድ፦* በአዳማ፣ አሰላ፣ ዶዶላና አዳባ አድርገው በመኪና ዲንሾ ይደርሳሉ። ወደ ባሌ ሮቤ አውሮፕላንም አለ። የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመው ያጣሩ።

*ወቅት፦* ከኅዳር እስከ የካቲት ዝናቡ ይቀንሳል፣ ውሃው ይጠራል። ሌሊቱ ግን ውርጭ አለው።

*ፈቃድ፦* ዲንሾ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያና የማጥመጃ ፈቃድ ይጠይቁ፤ አስጎብኚም እዚያው ይያዙ።

*ዕቃ፦* ዘንግ፣ ክርና ዝንብ ከቤትዎ ይዘው ይሂዱ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ “ምን ላምጣ?” ሲል መልሱ ይኸው ነው። ለጀማሪ ዘጠኝ ጫማ ርዝመት ያለው፣ ቁጥር 5 ዘንግ ይበቃል።

*ጥንቃቄ፦* ኮፍያና መነጽር ለሁሉም፤ የሚወነጨፍ መንጠቆ ዓይን አይለይም። ልጅ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ውስጥ አይግባ። ውሻዎን ይዘው አይሂዱ፤ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብደት በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። የተቆረጠ ክር ወንዝ ዳር አይጣሉ፤ የወፍ እግር ይጠልፋልና ጠቅልለው ኪስዎ ይክተቱት።