የሰማው ላልሰማ ሳያሰማ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ነው። «ይህ ደግሞ ምን ፖለቲካ አለው?» እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ጥር 10 ቀን 2015 ዓ.ም. እንግሊዝኛው ዊኪፔድያ ከ12 ዓመት በላይ የቆየውን የኮምፒውተር ገጽታውን ለወጠ። ከለውጦቹ አንዱ ቀላል ይመስላል፤ በግራ ጠርዝ ተዘርዝረው ይታዩ የነበሩት የቋንቋ ስሞች ከርዕሱ ጎን በተቀመጠ አንድ ቁልፍ ሥር ገቡ። አንድም ቋንቋ አልተሰረዘም። ነገሩም በድብቅ አልተደረገም፤ በጎ ፈቃደኛ አርታዒያኑ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ወራት በሰፊው ተከራክረውበታል። እኔም ማስታወቂያውን አንብቤ «ምን አላት!» ብዬ አልፌዋለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሚሴ የሚያስተምር የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። እኔው ባሳየሁት መንገድ ልጆቹን ከእንግሊዝኛው ገጽ ወደ አማርኛውና ወደ አፋን ኦሮሞው እየመራ ያስነብባቸው ነበር። «ዶክተር፣ ቋንቋዎቻችንን አነሡብን እኮ!» አለኝ።

አትሳቁ። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ቁቤና ፊደል ጎን ለጎን የሚኖሩባት። እዚያ የቋንቋ ስም ከቦታው ሲታጣ «ወዴት ተዛወረ?» የሚል ጠያቂ አይገኝም፤ «ማን አጠፋው?» ነው የሚባለው። ታሪካችን እንዲህ አስተምሮናል። ቁልፉን በስልክ አመላክቼው አገኘውና እፎይ አለ። እኔ ግን አፈርኩ።

ጨፋ ሸለቆ በበጋ ሣርና ውኃ ፍለጋ የሚመጡ የአፋር አርብቶ አደሮችን ያስተናግዳል። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን በወጉ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ውኃው የት እንደደረቀ፣ ሣሩ የት እንዳለ የሰማ ሰው «ትንሽ ወሬ ናት» ብሎ አያልፍም፤ ከብቶቹን ይዞ ወደ ደረቀው ወንዝ የሚያመራ ሌላ ሰው አለና።

አባቶቻችንም አዋጅ ሲያስነግሩ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ያሉት በከንቱ አልነበረም። ዛሬ ባለሥልጣኑ በር ላይ ወረቀት ይለጥፍና «አሳውቀናል» ይላል። ስንት ጊዜ ወቅሼዋለሁ! ለካ ዶክትሬቴን ይዤ ከእርሱ አልተሻልኩም። ሰምቼ ነበር፤ አላሰማሁም። ለዚያ መምህር የሦስት መስመር መልእክት ትበቃው ነበር፤ ምን ተለወጠ፣ የት ይገኛል፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ምን አልተነካም። መተማመን በሳሳበት አገር ለውጥን የሚያስታውቅ ሰው ከዚህች ከመጨረሻይቱ ይጀምር።