የሙሴ አንደበትና የሲኒማው ሙሴ

የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክ በፊልም ማየት ይገባልን ወይስ አይገባም? ብለው የሚጠይቁን ወላጆች ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ጥያቄው ጊዜው ያለፈበት ይመስለናል፤ ፊልሙ በቴሌቪዥን ብቻ ሳይሆን በእጅ ስልክም ከየቤቱ ገብቷልና። ይልቁንስ የሚያሳስበን፥ ልጆቻችን አይተው ከተነሡ በኋላ በልባቸው የሚቀረው የመጽሐፉ ሙሴ ነው ወይስ የተዋናዩ? የሚለው ነው።

ሲሲል ደሚል የተባለው አሜሪካዊ አዘጋጅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ያወጣውን «ዐሥርቱ ትእዛዛት» ብዙ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ርዝመቱ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው። ከመጀመሪያው ደሚል ራሱ ከመጋረጃው ፊት ወጥቶ፥ መጽሐፍ ቅዱስ ከሙሴ ዕድሜ 30 ዓመት ያህሉን እንዳልተረከና ይህንን ክፍተት ከፊሎንና ከዮሴፉስ ጽሑፍ እንደ ሞላው ይናገራል። ከየት እንዳመጣው ስለ መግለጡ እናመሰግነዋለን። ዳሩ ግን ሙሴን የምታፈቅረው ንግሥት ኔፈርቲሪ ከኦሪት ዘጸአት ያልመጣች መሆንዋን ለልጆች መንገር የወላጅ ፈንታ ነው። ፈርዖንንም ራምሴ ብሎታል፤ ኦሪት ግን ራምሴ የምትለው ከተማ እንጂ የንጉሥ ስም የላትም።

ይህን ሁሉ በቀላሉ እናልፈዋለን። ባሕሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መከፈሉንም እንኳ እንታገሣለን፤ መጽሐፉ ጽኑ የምሥራቅ ነፋስ ሌሊቱን ሁሉ እንደ ነፈሰ ይናገራል፥ ሲኒማ ግን ሌሊቱን ሁሉ ተመልካች አስቀምጦ ሊያስጠብቅ አይችልም።

የማናልፈው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አንደበቱ ነው። ሙሴ አፈ ኰልታፋ ነበረ። በቍጥቋጦው ፊት ቆሞ መናገር እንደማይችል ለእግዚአብሔር አመለከተ፤ ስለዚህም ወንድሙ አሮን አፍ ሆኖ ተሰጠው። በፊልሙ ግን ቻርልተን ሄስተን ግርማ ባለው ድምፁ በፈርዖን አዳራሽ ሲናገር ዓምዶቹ የሚንቀጠቀጡ ይመስላል፤ አሮን ከጎኑ መኖሩ ይዘነጋል። ልብሱንና ሠረገላውን ለማሳመር ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም ሲወጣ፥ ያለ አንዳች ወጪ ሊጠበቅ ይችል የነበረው እውነት ቀረ።

ይህን የምንለው በከንቱ አይደለም። የእኅታችን ልጅ ቃል ሲጀምር ምላሱ ይያዝበታል፤ በትምህርት ቤትም ሳቁበት። የዘጸአትን 4ኛ ምዕራፍ ያነበብንለት ማታ፥ «ሙሴም እንደ እኔ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀን፤ ከዚያ በኋላ በማዕድ ላይ የጸሎቱን ቃል እየተንተባተበም ቢሆን ራሱ ይጀምር ጀመር። ፊልሙን ያየ ዕለት ግን፥ «ይህኛው ሙሴስ ቀልጣፋ ነው» አለና ዝም አለ። መጽሐፉን እንደ ገና ዘርግተን እናቱና እኛ ተራ በተራ አነበብንለት።

በ1977 ዓ.ም. ፍራንኮ ዘፊሬሊ ለቴሌቪዥን ያዘጋጀው «የናዝሬቱ ኢየሱስ» ደግሞ በብዙ ነገር ትሕትና ያለው ሥራ ነው። ሆኖም ዜራ የሚባል በወንጌል የሌለ ጸሐፊ ፈጥሮ፥ ይሁዳን የተታለለ የዋህ አስመስሎታል። በማቴዎስ ወንጌል እንደምናነበው ይሁዳ ራሱ ሄዶ ዋጋውን ጠየቀ፤ 30 ብርም መዘኑለት። ስለ ተዋናዩ ስለ ሮበርት ፖውል መልክ ብዙ አንናገርም፤ ፎቶግራፉን ከሥዕለ አድኅኖ ጎን የሚሰቅል ቤተሰብ ካለ ግን እንዲያወርደው እንለምናለን።

ወደ ደሚል እንመለስና፥ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የቀረበ አንድ ነገር አለ። በፊልሙ መጀመሪያ ሙሴ ከዘመቻ ሲመለስ የኢትዮጵያ ንጉሥና ታርቢስ የምትባል እኅቱ አብረውት ይመጣሉ። እርስዋን ደሚል ያገኛት ከዮሴፉስ ነው፤ በዚያ ጽሑፍ የንጉሥ ልጅና በኋላም የሙሴ ሚስት ናት። በፊልሙ ግን ስጦታዋን አቅርባ፥ ጥቂት ቃል ተናግራ ትሄዳለች፤ ዳግመኛም አትታይም። በኦሪት ዘኍልቍ 12ኛ ምዕራፍ ማርያምና አሮን ሙሴን ስላገባት ኢትዮጵያዊት ሴት አምተውት፥ እግዚአብሔር ስለ ሙሴ ተቈጣ፤ ማርያም በለምጽ ተመትታ 7 ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘጋች፥ ሕዝቡም እስክትመለስ ድረስ አልተጓዘም። ፊልሙ ግን ከጥጃው ጣዖት ወደ ዮርዳኖስ ማዶ ሲሻገር፥ ያን 40 ዓመት በአንድ እርምጃ አልፎታል።