ተያዥ የሌለው ልጅ

ከጠመኔ ወጥቼ ዱቄት ውስጥ ከገባሁ ወዲህ እንደ ሠራተኛ ፍለጋ ያንገበገበኝ ነገር የለም። መጀመሪያ በኤጀንሲ ሞከርኩ። ኮሚሽኑን ከፈልኩ፣ የመጡት ሁለት ጋጋሪዎች ወር ሳይሞላቸው ሌላ ዳቦ ቤት ገቡ። (አልፈርድባቸውም፣ የሌሊት ሥራ ነው።)

ከዚያ ያሉኝን ልጆች «እስቲ የምታውቁትን ሰው አምጡ» አልኳቸው። አሁንም የማገኘው እንደዚያ ነው። ሲቪ አላይም። አንድ ሌሊት አብሮን ይሠራል፣ የሌሊቱ ይከፈለዋል። ሊጥ ሲመዝን፣ ፉርኖ ፊት ሲቆም፣ ሲነጋ ደግሞ ማንም ሳያዘው መጥረጊያ ያነሳ እንደሆነ አያለሁ። ከተስማማን የጽሑፍ ውል፣ ከነሙከራ ጊዜው። አዋጅ 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ ለእኔ ከበቂ በላይ ነው።

አንዱን ግን አልረሳውም። ከደብረ ታቦር የመጣ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ልጅ። ሌሊቱን ሠርቶ ሲጨርስ «ተያዥ አምጣ» አልኩት።

«ጋሼ፣ እዚህ ከተማ የማውቀው ሰው እርስዎን ብቻ ነው» አለኝ።

ሸኘሁት። ያን ቀን ጠዋት የሸጥኩት እሱ የጋገረውን ዳቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ባፈላልገውም አላገኘሁትም።

አሁን ሊጥ የሚያቦካ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። ተማሪዎቼ፣ የምታውቁት ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ተያዥ አልጠይቅም።