ሰባት ነፍሳት

በማሠልጠኛው ሳለን ማንም ቁጭ አድርጎ ያላስተማረን፣ ሁላችንም ግን አሳምረን ችለነው የወጣነው ነገር ሪፖርት መሙላት ነው። እኔ በተለይ ጎበዝ ነበርኩ። የምናዘዘው ስለዚያ ጉብዝና ነው።

ትምህርት ቤቱ በደቡብ በኩል የሚገኝ፣ የወንጌል መልእክተኞች የሚሠለጥኑበት አነስተኛ ግቢ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝና። ገና ሳይነጋ የመኪና ቸርኬ በብረት ይደበደባል፤ ደወላችን እሱ ነው። ጥሞና ይቀድማል፣ ከዚያ የጋራ ጸሎት፣ ከዚያ ሻይ በዳቦ። ተራ የደረሰው ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ሽንት ቤት ያጥባል። ጠዋት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናትና የስብከት አዘገጃጀት፣ ከሰዓት በኋላ የባህል ጥናት፣ የቋንቋ አጠናን ዘዴ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ። ረቡዕ ጾም፣ ዓርብ የአዳር ጸሎት፣ ቅዳሜ ልብስ አጠባና እግር ኳስ። የነገ መጋቢዎች በኳስ ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚነጋገሩ ብጽፍ ራሱን የቻለ ሌላ ኑዛዜ ይወጣዋል።

የባህል ጥናት መምህራችን በጠረፍ አካባቢ ለብዙ ዘመን ያገለገሉ አዛውንት ነበሩ። የመጀመሪያው የቤት ሥራቸው ገበያ ወጥቶ አፍን ዘግቶ መዋል ነው። «አንድም ሰው እንዳትሰብኩ! ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ፣ ማን ቀድሞ ሰላም እንደሚል፣ ዋጋ ሲከራከሩ ማን መሐል እንደሚገባ እያችሁ ጻፉ» ይሉናል። እንግዳ ሲናገር አንገትን እየነቀነቁ መስማት፣ ሲመርቅም አሜን ማለት በብዙ አገር አክብሮት እንጂ እምነት መቀበል እንዳልሆነ ደጋግመው ነግረውናል። ይኸው ጥያቄ በፈተና መጣ። በምሳሌ አስደግፌ መለስኩና ሙሉውን ነጥብ አገኘሁ።

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ኦነሲሞስ ነሲብን ተማርን። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ በስዊድን ሚሲዮን እጅ ያደገና ስዊድን ድረስ ተልኮ የሠለጠነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ተመልሶ በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ተነሣ፤ መንገዱ ተዘጋበት። ቆይቶ ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም አልሆነለትም። ወለጋን የረገጠው በ1904 ነው። እስከዚያው ምጽዋ አጠገብ ባለችው በእምኩሉ ጣቢያ ለትርጉም ሥራ ተቀመጠ፤ የኦሮምኛው አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። እንደሱ ከባርነት የተረፈችው አስቴር ጋኖ ባትኖር ያ ሥራ እንደዚያ ባልሆነ ነበር፤ ቃላቱን እየለቀመች፣ ተረቱን ከነለዛው እየጻፈች፣ ልጅ ሆኖ ከቋንቋው ለተለየው ለኦነሲሞስ አንደበት የሆነችው እሷ ናት። መምህሩ ይህን አስረድተው ሲጨርሱ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ያን ሁሉ ዓመት ሪፖርቱ ላይ ምን እያለ ይጽፍ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ከት ብዬ ሳቅኩ።

ክረምት ሲገባ ለመስክ ልምምድ ተበተንን። ለኔ የደረሰኝ እንሰት የወረሰው አንድ የደጋ ቀበሌ ነበር። የያዝኩት ቅጽ አራት ዓምድ አለው፦ ወንጌል የሰሙ፣ ጌታን የተቀበሉ፣ የተፈወሱ፣ ወደ ቤቱ የተመለሱ። ሳምንት በሳምንት ላይ ሲነባበር የኔ ቅጽ ከመጀመሪያው ዓምድ በቀር ባዶ ሆነ። ዝናቡ አይቆምም፤ ቋንቋውን አልችል፤ ሰዉ በጨዋነት ያዳምጠኝና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የጓደኞቼን ቁጥር ገበያ ስንገናኝ እሰማለሁ። አሥራ አንድ ያለ አለ፤ ሃያ ያለም አለ።

ያሳደሩኝ ሽማግሌ በአካባቢው የተከበሩ፣ ዘር ሊዘራ ሲል መሬቱን የሚመርቁ ሰው ናቸው። አንድ ማታ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ የተቀመመ የቡና ቅጠል ተፈልቶ፣ ቤተሰቡ እሳት ዳር ከቦ እንደተቀመጠ መናገር ጀመርኩ። የሚያስተረጉምልኝ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የልጅ ልጃቸው ነው። እኔ ከዘፍጥረት ተነሥቼ መስቀሉ ጋ እስክደርስ ያወራሁትን እሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። ምን ብሎ እንዳስተረጎመ እስከ ዛሬ አላውቅም። በመጨረሻ «ልጸልይላችሁ?» አልኩ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቤቱን ባረክሁ፣ ከብቱን ባረክሁ፣ ልጆቹን ባረክሁ፤ በየመሐሉ ሁሉም አሜን አሉ። ከዚያ የሞቀ ጎመንና ቆጮ ቀረበ፤ ስለ ላሟ ሕመም ተጨዋወትን።

ሌሊቱን በባትሪ ብርሃን ቅጹን አወጣሁ። ቤት ውስጥ የነበሩትን ቆጠርኩ፦ ሽማግሌው፣ ባለቤታቸው፣ ወንድ ልጃቸው፣ ምራታቸው፣ አስተርጓሚዬ፣ እህቱና በእናቷ ጀርባ ታዝላ የተኛች ሕፃን። በሁለተኛው ዓምድ «7» ብዬ ጻፍኩ። ሕሊናዬ ሲጎረብጠኝ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን አሰብኩ፤ የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂ ከነቤተሰቡ በአንድ ሌሊት አምኖ የለም እንዴ? ሥልጠና ለሰው እንዲህ ዓይነት ጥቅስ በቶሎ ያቀብለዋል። አሜን ስለ ማለት የመለስኩት የፈተና ጥያቄም ትዝ ብሎኛል። ትዝ ብሎኝ ነው የጻፍኩት።

ተመልሰን በአዳራሹ ሪፖርት ስናቀርብ «ሽማግሌው ከነቤተሰባቸው» ስል እልልታው ጣራውን ነቀነቀው። ወዲያው ከኔ ቀጥሎ የቆመው ልጅ፣ ያ ስለ ኦነሲሞስ የጠየቀው ራሱ፣ ቅጹን ገልጦ «ዜሮ» አለ። «ቋንቋ ስማር፣ አረም ሲያርሙ አብሬ ሳርም ከረምኩ፤ ስማቸውን ግን ሁሉንም አውቃለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ያጨበጨበለት የለም። ማታ የጸሎት ቡድናችን ስለ አገልግሎቱ ድርቀት ሊጸልይለት ከበበው። እጄን ጭንቅላቱ ላይ ጭኜ ጸሎቱን የመራሁት እኔ ነበርኩ። ከቁጥሩ ይልቅ ይህ እጄ ያሳፍረኛል።

ከተመረቅን በኋላ እሱ እኔ ወደ ነበርኩበት ወረዳ ተመደበ፤ ከዚያም ደብዳቤ ላከልኝ። ሪፖርቴ በአካባቢው ኮንፈረንስ ላይ ተነቦ ኖሯል። ከቆላ ያሉ ወንጌላውያንና አንድ የመዘምራን ቡድን አዲሶቹን አማኞች ሊያጸኑ ከበሮ ይዘው፣ እየዘመሩ ዳገቱን ወጡ። ጊዜው የዘር ወቅት ነው፤ ሽማግሌው መሬቱን ሊመርቁ የተዘጋጁበት። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሰማ። ሽማግሌው እንግዶቹን አስገብተው አበሉ፤ ምን ፈልገው እንደመጡ የገባቸው ከሸኙ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት መሬቱን የመረቀው ሌላ ሰው ነበር። «ያመነ ሰው ቢሆኑ ኖሮ የሚከፈል ዋጋ ነው እንል ነበር። እሳቸው የከፈሉት ላላመኑት ነው» ብሎ ጽፏል ጓደኛዬ። አልወቀሰኝም፤ ሰላምታው ረጅም ነበር። ደብዳቤውን አጥፌ አስቀመጥኩ፤ መልስ አልሰጠሁም።

ዝም ማለቴ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቆይቶ እኔም በሌላ ማሠልጠኛ አስተማሪ ሆንኩ። ክረምት በመጣ ቁጥር ያንኑ ባለ አራት ዓምድ ቅጽ ለልጆቹ በእጄ አድያለሁ። ተመልሰው ሲመጡ ትልቅ ቁጥር ያለውን ወደ መድረክ የምጠራው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ የሚቀመጥ ቁጥር እንዴት እንደሚወለድ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ በዚያ ግቢ አልነበረም። አንዴ በስብሰባ ላይ ዓምዱ ይቅር ብዬ ነበር፤ ደጋፊዎች የሚጠይቁት እሱን ነው ተባልኩ። አልተከራከርኩም፤ ደመወዜም ከዚያው የሚወጣ ነው።

በመጨረሻ ጓደኛዬን ለምኜ አብሮኝ ሽማግሌው ዘንድ ወጣሁ። አርጅተዋል፤ ግን አወቁኝ። ይቅርታዬን ጓደኛዬ በቋንቋቸው አስረዘመው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር አልሆነም። እስኪጨርስ ጠበቁና «ስንት ብሎ ነው የጻፈን?» አሉ። ሰባት አልኩ። በጣታቸው ቆጠሩ። «ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ስድስት ነበርን» አሉ። «ሕፃኗን ጨምሬ ነው» አልኩ። ወደ ደጅ አየት አሉና «ውሻውንስ ለምን ተውከው? እሱም ዝም ብሎ ሲያዳምጥህ ነበር» አሉ። ምራታቸው ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። በዚያ ወሬ የተነሣ ያኮረፋቸው ወንድማቸው ሳይታረቃቸው መሞቱን የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ከዳገቱ ስወርድ ሌላው ቢቀር ቁጥሩን ልመልስ ብዬ ለአካባቢው የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ሰባቱ ሰዎች ከአማኞች መዝገብ ይሰረዙ አልኩ። ማኅተም ያረፈበት መልስ መጣልኝ። ከመዝገብ የሚሰረዘው የሞተ፣ ወደ ሌላ አጥቢያ የተዛወረ ወይም በሥነ ሥርዓት ርምጃ የታገደ ብቻ ስለሆነ፣ ሰባቱ ከሦስቱ በየትኛው እንደሚመደቡ እንድገልጽ ይጠይቃል። በሐሰት ሪፖርት የተመዘገቡ የሚል አራተኛ ክፍል ከፍተው ሰባቱን እንዲያሰፍሩ፣ ከአጠገቡም የኔን ሙሉ ስም እንዲጽፉ መለስኩላቸው።