ጅራቱን የሚወዘውዝ ፍላጻ

ፍላጻችሁ ከዒላማው በግራ በኩል ቢያልፍ በሚቀጥለው ምን ታደርጋላችሁ? እስካሁን ካስተማርኳቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ትንሽ ወደ ቀኝ ያነጣጥራሉ። አንድ ሁለቴ ይሳካላቸዋል፤ ከዚያ ፍላጻው እንደገና እንዳሻው ይሄዳል። «የት እንዳረፈ ለጊዜው ተዉትና የመጀመሪያዎቹን አሥር ሜትሮች እንዴት ሄደ?» ብዬ ስጠይቅ የሚመልስልኝ የለም። ሁሉም ዓይኑን የተከለው ጆንያው ላይ ነዋ!

ከአዳማ ተነስተን፣ በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ አልፈን ላንጋኖ ዳር በምናደርገው የክረምት ካምፕ፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ ለማይወዱት ቀስት እናስተምራለን። ዕቃው ቀላል ነው፤ የቀርከሃ ደጋን፣ የናይለን ገመድ፣ የሸምበቆ ፍላጻ፣ የዶሮ ላባ፣ ጭድ የተጠቀጠቀበት ጆንያ። ከሚወረውረው ሰው ፊት ማንም አይቆምም፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

እንግዲህ አብረን እንመርምር። የፍላጻው ጅራት ወደ ላይና ወደ ታች እየዘለለ ከሄደ፣ ገመዱ ላይ የምትሰኩበትን ቦታ ጠርጥሩ። ላባ የሌለው አንድ ፍላጻ ላባ ካላቸው ጋር ከአሥራ አምስት ሜትር ላይ ልቀቁ። ባዶው ከሌሎቹ በላይ ካረፈ መሰኪያውን በጥቂት ሚሊሜትር ከፍ፣ በታች ካረፈ ዝቅ አድርጉት። ጅራቱ እንደ ዓሣ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወይ ጣቶቻችሁ ገመዱን ወደ ጎን እየጎተቱ ይለቁታል፣ ወይ ሸምበቆው ከደጋኑ ጋር አልተስማማም። «ንፋስ ነው» የሚልም አይጠፋም። የላንጋኖ ንፋስ በእርግጥ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ፍላጻውን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል እንጂ ገና ከደጋኑ ሲወጣ ጅራቱን አያስወዘውዘውም።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የሸምበቆው ነገር ነው። ፍላጻ እንደ ብረት ዘንግ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለናል። ክላረንስ ሂክማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1930ዎቹ በፈጣን ካሜራ ሲያነሳው ግን ሌላ ነገር ታየ። ገመዱ ሲገፋው ይጎብጣል፤ እየተጣመመ ደጋኑን ያልፋል፤ ከዚያ እየተቃና ይበርራል። መጉበጡ ራሱ ልክ አለው። በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው፣ ለደጋኑ ከሚገባው በላይ ግትር የሆነ ሸምበቆ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ከመጠን በላይ የሚተጣጠፈው ደግሞ ወደ ቀኝ። ግትሩን ቀጠንና ረዘም ባለ ለውጡት፣ ወይም ጫፉን ከበድ አድርጉለት። የሚተጣጠፈውን አሳጥሩት። ታዲያ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከነካካችሁ የቱ እንደሠራ አታውቁም።

ዝዋይን ካነሳሁ አይቀር፣ ከሐይቁ በስተምዕራብ ጋዴሞታ በሚባል ቦታ ከባልጩት የተሠሩ የጦር ጫፎች ተገኝተዋል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ279,000 ዓመት በላይ እንደሆነ ጽፈዋል። (በቁጥሩ ላይ ያላችሁን ጥያቄ ለቅዳሜው ጥናት አቆዩልኝ።) እኔን የያዘኝ ዘዴያቸው ነው። ስብራቱ በድንጋዩ ላይ የተወውን ጥቃቅን ምልክት አይተው፣ ስብራቱ በምን ፍጥነት እንደተጓዘ አሰሉ፤ ከዚያም ጦሩ በእጅ ተይዞ የተወጋበት ሳይሆን የተወረወረ እንደነበር ደመደሙ። ወርዋሪውንም ዒላማውንም ያየ የለም፤ የነበራቸው የተሰበረ ጫፍ ብቻ ነው።

አንድ ክረምት አንዲት የመቂ ልጅ ካምፕ መጣች። የምትለቀው ፍላጻ አንድም ሳይቀር ወደ ግራ ይሄድባት ነበር። አጠገቧ የነበረ አገልጋይ «ልብሽን ሰብስቢ እንጂ» አላት። ሌላዋ «እስኪ ጸልዪበት» አለቻት። ልጅቷ ደጋኑን መሬት አስቀምጣ «ቲቸር፣ እኔ ምንም ነገር አይሆንልኝም» አለችኝ። ምንም ነገር ስትል ቀስቱን ብቻ ማለቷ አልነበረም። በዚያው ዓመት፣ ጥር 2015 ዓ.ም.፣ የ12ኛ ክፍል ውጤታቸውን ካዩት አንዷ ናት። ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ፍላጻዋንና ደጋኗን ለሌላ ልጅ ሰጠሁት። ለቀቀው፤ ግራ ሄደ። እኔም ሞከርኩት፤ ግራ ሄደ። ሸምበቆዎቹን የቆረጠልን ጠንካራ ደጋን የሚስብ ጎረምሳ ስለነበር፣ በራሱ ልክ ወፋፍራሙን መርጦ ነው ያመጣው። የእሷ ደጋን ደግሞ የልጅ እጅ የሚስበው ለስላሳ ነበር። ቀጭን ሸምበቆ ፈልገን ላባ አሰርንለት። ስትለቀው ጆንያውን ሳተችው፤ ፍላጻው ግን ጅራቱን ሳይወዘውዝ በቀጥታ ሄደ። እሷም አየችው። «አሁን ማነጣጠር ጀምሪ» አልኳት።

ከመቶው ዘጠና ሰባት ያህሉ ሲስት፣ እያንዳንዱን ወርዋሪ እየጠሩ «ልብህን ሰብስብ» ማለት ምን ዋጋ አለው? የሰነፈ የለም አልልም፤ ጣቱ የሚያበላሽበትም አለ። ያ የሚታወቀው ግን ፍላጻው በሌላ እጅ ከተሞከረ በኋላ ነው። ስለ ኃጢአት ስንሰብክ «ዒላማን መሳት» ማለት እንወዳለን። ሆሴዕ 7፥16ን ግን ገልጣችሁ አንብቡት፤ ነቢዩ ሕዝቡን ያመሳሰለው ከጠማማ ቀስት ጋር ነው። ጠማማ ቀስት አጥብቆ በማነጣጠር አይቃናም። መዝሙር 127 ደግሞ ልጆችን በኃያል እጅ እንዳለ ፍላጻ ያያቸዋል። አባቶቻችን በሠርግ ላይ ይህን ክፍል ደጋግመው ያነሡታል፤ ፍላጻው ከመወርወሩ በፊት ስንት ጊዜ በእሳት እየሞቀ እንደሚቃና፣ ስንት ጊዜ እንደሚፋቅ የሚያነሣ ግን ገና አልሰማሁም።

ለሚቀጥለው ካምፕ ላባ እናመጣለን ያላችሁ፣ ቤት ዶሮ ሲታረድ ላባው ሳይጣል ድረሱ። የግራ ክንፍ ላባና የቀኝ ክንፍ ላባ የሚጎብጡት ወደተለያየ ወገን ስለሆነ በአንድ ፍላጻ ላይ አይቀላቀሉም። የሁለቱን ክንፍ በሁለት ፌስታል ለይታችሁ አምጡ፣ ላዩም ላይ ጻፉበት። ባለፈው ዓመት የተቀላቀለ አንድ ከረጢት ላባ ስንለይ መሽቶብናል።