አራት ቀን በባሕር ላይ ከእናቴ ጋር

የሽርሽር መርከብ ሲባል በብዙዎቻችን ዐይነ ሕሊና የሚመጣው በፊልም ያየነው ነው፤ ሙዚቃ፣ ጭፈራና ሥራ ፈት ሀብታም። እኔም ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረኝም። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ግን ከእናቴና ከታላቅ እኅቴ ጋር በአንዱ ተሳፍሬ አራት ቀን ቆየሁ። እዚያ ያገኘኋቸው ተሳፋሪዎች አብዛኞቹ እንደ እኛው ደመወዝተኞች፣ ጡረተኞችና ልጆቻቸውን የያዙ እናቶች ነበሩ። ልጅ ወይም እኅት ውጭ አገር ያላችሁና እንዲህ ያለው ግብዣ አንድ ቀን የሚደርሳችሁ አንባቢዎች ስለምትኖሩ፣ ያየሁትንም የተሳሳትሁትንም ላጫውታችሁ።

ጉዞውን የገዛችው አሜሪካ የምትኖረው እኅቴ ናት። በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት እየሠራች ያጠራቀመችውን ይዛ፣ «እማዬ በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ ሌላ ሰው አብስሎ ያቅርብላት» አለችኝ። እናታችን አምስት ልጆች ያሳደገች፣ ያን ጊዜ 71 ዓመት የሆናት፣ የደም ግፊት መድኃኒት ጧትና ማታ የምትወስድ ሴት ናት። መነሻችን በፍሎሪዳ የማያሚ ወደብ፣ መድረሻችን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ነበረች። ነሐሴ የተመረጠው በዋጋ ምክንያት ነው። በዚያ ባሕር በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ፣ በተለይ የትምህርት ቤት መክፈቻ ሲቃረብ፣ ዋጋው ይቀንሳል። ማዕበል መምጣቱ ከተነገረ መርከቦቹ መንገድ ስለሚለውጡ፣ ያሰቡት ደሴት ሊቀር እንደሚችል አውቆ መግዛት ይገባል።

በዋዜማው ማታ ዕቃ ስናሰናዳ እናቴ መድኃኒቷን፣ ነጠላዋንና መቁጠሪያዋን በእጅ ቦርሳዋ ይዛ ተቀምጣ ነበር። «ይከብድሻል፤ ወዲህ በይው» ብዬ መድኃኒቱን አውጥቼ ከትልቁ ሻንጣዋ ውስጥ ከተትሁት። በዚያው ሻንጣ፣ ያለ ቡና እንዴት ትውላለች ብዬ፣ ጀበናና አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሸሸግሁላት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ከወደቡ የደረስነው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ሻንጣ በበሩ ላይ ለተሸካሚዎች ይሰጣል፤ እነሱም የክፍሉን ቁጥር ለጥፈው «ማታ ከደጃፋችሁ ታገኙታላችሁ» ብለው ይወስዱታል። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ፎቆቹን መቁጠር ጀምራ ተወችው። «ይህ መርከብ ነው ወይስ አገር?» አለች።

ከመነሣታችን በፊት የአደጋ ልምምድ ነበር። ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም የደወል ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ወደ ተመደበለት ቦታ ይሄዳል፤ የነፍስ አድን ጃኬት አጠላለቅ ይታያል። አንዳንዱ ተሳፋሪ ሲስቅና ሲያወራ አየሁ። ነገሩ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ በጣልያን ጠረፍ ከዐለት ተላትሞ ሲያጋድል 32 ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ቀን ከተሳፈሩት መካከል ብዙዎቹ ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተሻሽሎ፣ ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቡ ሳይነሣ ወይም እንደተነሣ ወዲያው እንዲደረግ ተወሰነ። እናቴ ቋንቋውን ባትሰማም የሰውዬውን እጅ እያየች ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። የእኔ ሻንጣ መጣ፤ የእኅቴም መጣ፤ የእናቴ ግን የለም። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። መርከቡ ወደ ሰፊው ባሕር ወጥቶ በዝግታ መወዛወዝ ጀምሯል። እናቴ አልጋው ላይ ጋደም ብላ «ራሴን ያዞረኛል» አለች። ባሕሩ ይሁን የደም ግፊቱ በምን ይለያል? ክፍላችን ርካሹ፣ መስኮት የሌለው ስለነበር ዐይኗን የምታሳርፍበት የውጭ ነገር እንኳ የለም። እኅቴ ወደ መረጃ ክፍሉ ተመላልሳ «ይመጣል፤ ጠብቁ» ከመባል በቀር ያገኘችው መልስ የለም። መርከቡ ክሊኒክ አለው፤ ሕክምናው በክፍያ ነው። ቢሆንም «ገንዘቡ ይቅር፣ እንውሰዳት» ስንባባል ክፍሉን የምታጸዳው ልጅ አንኳኳች።

ይህች ልጅ የፊሊፒንስ ተወላጅ ናት። የቀረንን ሻንጣ ስንነግራት ወዲያው፣ «ውስጡ የሚሞቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ አለ?» ስትል ጠየቀች። ከዚህ በኋላ ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም። በመርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው እሳት ስለሆነ ምድጃ፣ ካውያ፣ ሻማና ዕጣን ክልክል ናቸው። እንዲህ ያለው ዕቃ በፍተሻ የታየበት ሻንጣ ወደ ክፍል አይመጣም፤ ባለቤቱ እስኪጠይቅ ከታች ከጥበቃ ክፍል ይቀመጣል። ልጅቱ እየመራች ወሰደችን። ምድጃዋን በደረሰኝ ተቀብለው ሻንጣውን ሰጡን፤ እሷንም በመጨረሻው ቀን መለሱልን። መድኃኒቱ ከሰዓቱ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ተወሰደ። እኅቴ «ያለፈውን ለማካካስ ተብሎ ሁለት አይዋጥም» ብላ አንዷን ፍሬ ብቻ ሰጠቻት። ሌሊቱን ሁለታችንም አልተኛንም። ለንጋት ሲቃረብ ማዞሩ ተዋት።

ጧት ይቅርታ ስጠይቃት እናቴ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «መድኃኒቴን ስታወጪ አይቼ ነበር። ዝም ያልኩት የተማርሽ ነሽ፣ ታውቂያለሽ ብዬ ነው።» ይህን ቃል ከዚያ ጉዞ ይዤ ከተመለስሁት ሁሉ አልረሳውም። ወላጆቻችንን ለማስደሰት ስንሮጥ ራሳቸውን መጠየቅ እንረሳለን።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴና ልጅቱ ወዳጅ ሆኑ። ልጅቱ አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አላት፤ ለእናቷ ትታው የዘጠኝ ወር ውል ፈርማ የመጣች ሲሆን ሰባተኛ ወሯ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ሥራው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ወይም ዕረፍቱ ከ10 እንዳያንስ ይደነግጋል። የእኛ ዕረፍት በእነዚህ ሰዎች ድካም የቆመ ነው። እናቴ በየማለዳው «እሷም የሰው ልጅ ናት» እያለች አልጋዋን ራሷ ታነጥፍ ነበር።

ወቅቱ ፍልሰታ ስለነበር ሌላው አሳባችን ጾሙ ነበር። እኅቴ ለአስተናጋጆቹ ኃላፊ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማትበላ ነገረችው፤ በእነሱ ቋንቋ «ቪጋን» ይሉታል። ሰውዬው ሕንዳዊ ነበርና በማግሥቱ ምስር በቅመም ሠርተው አመጡላት። እናቴ ቀምሳ «ቂቤ የሌለበት ምስር ወጥ ነው፤ እንጀራው ብቻ ቀረ» አለች።

ናሶ የደረስነው ጧት ነው። የደሴቲቱ ሕዝብ አብዛኛው የአፍሪካ ዝርያ ያለው ሲሆን አገሪቱ ከእንግሊዝ ነጻ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ «የንግሥቲቱ ደረጃ» የሚባል ቦታ አለ። በ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በባርነት የተያዙ ሰዎች ከኖራ ድንጋይ ፈልፍለው ያወጡት ነው፤ ዛሬ 65 ደረጃዎች ይታያሉ። እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳብሳ «እንደ ላሊበላ ነው፤ ግን ይህን የጠረቡት ወደው አይደለም» አለች። አልወጣነውም፤ ከታች ቁመን አየነው።

ከገበያው ሴቶች በዘንባባ ቅጠል የተሠራ መሶብ መሰል ዕቃና ቦርሳ ይሸጣሉ። ከውጭ የመጣ የፋብሪካ ሥራም አብሮ ተደርድሯል። እናቴ ስፌት ታውቃለችና በጣቷ እየነካካች የእጅ ሥራውን ለይታ አወጣች። ሻጪቱ ሣቅ ብላ ከዋጋው ቀነሰችላት። በቋንቋ ሳይግባቡ በጣት ተግባቡ።

እንግዲህ ለምትሄዱ ሁሉ ከልምድ ያገኘሁትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ መነጽር፣ የሕፃን ዕቃና አንድ ቅያሪ ልብስ ከእጅ ቦርሳ አይለዩ።

ሁለተኛ፣ ቪዛችሁ ወጥቶ መመለስ የሚያስችል መሆኑንና የምትደርሱባት አገር የምትጠይቀውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ ባሕር የሚያስቸግራቸው ሰዎች ከመርከቡ መሐል፣ ከዝቅተኛው ፎቅ ክፍል ይያዙ፤ መወዛወዙ እዚያ ይቀላል። ንጹሕ አየር መውሰድ፣ አድማሱን መመልከትና ዝንጅብል ብዙዎችን ይረዳል።

አራተኛ፣ በሰው ብዛት የሆድ በሽታ ቶሎ ስለሚዛመት የልጆችን እጅ በሳሙናና በውኃ አሳጥቡ፤ የአልኮል ቅባት ብቻውን አይበቃም።

አምስተኛ፣ አልጋና መደበኛው ምግብ በቲኬቱ ውስጥ ነው። አልኮል፣ ለስላሳ፣ ኢንተርኔት፣ የየብስ ጉብኝትና ሕክምና ግን በብዛት ለየብቻ ይከፈላል፤ ለሠራተኞች አገልግሎት በየቀኑ በነፍስ ወከፍ የሚታሰብም አለ። ሁሉም በካርድ ስለሚመዘገብ ሒሳቡን በየማታው ተመልከቱ።

ስድስተኛ፣ ከወደብ ስትወርዱ የመመለሻውን ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ያዙ። መርከብ ለዘገየ ተሳፋሪ አይጠብቅም።

ሰባተኛ፣ ይዛችሁ የምትገቡትን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ በእኔ ደግሞ የእናት ጤና ሊቀር ነበር።

በአራተኛው ቀን ጧት ማያሚ ስንደርስ እናቴ ልጅቱን አቅፋ «ልጅሽን ያሳድግልሽ፤ በሰላም ለቤትሽ ያብቃሽ» ብላ መረቀቻት፤ እኅቴም ተረጎመችላት። ከዚያ የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ መድኃኒቷ መኖሩን አየች፤ ዘጋችውና «በሉ እንሂድ» አለችን።